መንገድ ሲዘጋ የንባብ ክበባችንን በምን እናቆየው? ቪዲዮ፣ ድምፅ ወይስ ተራ ስልክ

የንባብ ክበብ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ሰው ማንበብ ስለጠላ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ይቀራል። ቀጥሎ ሌላው ይቀራል። ከዚያ «ነገሩ ሲረጋጋ እንገናኛለን» ይባላል፤ ነገሩ ደግሞ ቶሎ አይረጋጋም፣ ሲረጋጋም ሰዉ ተበትኗል።

እኛ ወሎ ውስጥ ይህን ደጋግመን አይተነዋል። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ትምህርት ቤቱም ስብሰባውም ተዘጋ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰና ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋረጠ። ሦስቱም ጊዜ ሰው ከሰው ተራራቀ፣ ችግሩ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በኮሮና ጊዜ ኢንተርኔት ነበረን፣ ያጣነው መሰባሰቡን ነው። ዳታ ሲጠፋ ደግሞ ዙምም ቴሌግራምም ትርጉም አልነበራቸውም፣ ተራ ስልክ የሚሠራለት ሰው ዕድለኛ ነበር። ስለዚህ «ለንባብ ክበብ የቱ ይሻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሚጀምረው «አሁን ምን አላችሁ?» ከሚለው ነው።

በጭንቅ ሰዓት መጽሐፍ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። እኔ ግን በጣም የሚያስፈልገው ያኔ ነው ባይ ነኝ። ቤት ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሰማው አንድ ወሬ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ስለ ሌላ ሰው ኑሮ፣ ስለ ሌላ ዘመን፣ ሄዶበት ስለማያውቀው አገር ከሚወዳቸው ሰዎች ጋር ማውራቱ ያሳርፈዋል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ክበባችሁን በጣም ደካማ ኔትወርክ ባለው አባላችሁ ልክ ስፉት። ደሴ ፒያሳ ለተቀመጠው ሰው ዙም ኩልል ብሎ ሠራለት ተብሎ ዙም አይመረጥም። ተንታ ያለችው መምህርት ምን ይደርሳታል? ላሊበላ ያለው ልጅ ስንት ሰዓት ላይ ነው ኔትወርክ የሚያገኘው? እዚያ ላይ ተነሱና ወደ ላይ ውጡ።

ፊት ለፊት ለመተያየት፦ ቪዲዮ

ዙም በነጻ ስትጠቀሙ 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣችኋል። ጉግል ሚት ሦስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ስትገቡ 60 ደቂቃ ይሰጣል፣ እስከ 100 ሰውም ይይዛል። ለንባብ ክበብ 60 ደቂቃ ይበቃል፣ ስለዚህ ከሁለቱ ሚትን እመርጣለሁ። የግድ ዙም ከሆነ፣ ሲቆረጥ ስብሰባው እንደገና እንደሚከፈት ለሁሉም አስቀድማችሁ ንገሩ፣ አለዚያ ግማሹ «አለቀ» ብሎ ይተኛል።

ዋናው ጣጣ ግን ሰዓቱ አይደለም። ቪዲዮ ዳታ ይበላል። ብዙ ሰው ያለበት የአንድ ሰዓት ስብሰባ ከግማሽ ጊጋባይት አልፎ ወደ አንድ ጊጋና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ድምፅ ብቻ ሲሆን ግን ነገሩ በአሥሮች ወደሚቆጠር ሜጋባይት ይወርዳል። ደመወዝ በዘገየበት ወር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሌላው ጣጣ ካሜራው ራሱ ነው። ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከልጆቿ ጋር የምትኖር እናት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ሰው ፊቱንና ቤቱን ለማሳየት ላይፈልግ ይችላል። «ካሜራ ክፈት» ሲባል ዝም ብሎ ይወጣል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አይመጣም።

ስለዚህ ቪዲዮን ለሳምንታዊ ውይይት አልመክርም። በወር አንዴ፣ ያውም ለመተያየት ብቻ ይሁን። አስቀድማችሁ ቀን ቁረጡ፣ ሁሉም በየቤቱ ቡናውን ያፍላ፣ ከአቦል እስከ በረካ አብራችሁ ቆዩ። ያን ቀን መጽሐፍ ካልተነሳም አይነሳ።

በአንድ ሰዓት በድምፅ መገናኘት

ኢንተርኔቱ ደህና ከሆነ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የድምፅ ቻት መክፈት ይቻላል፣ ሰዓቱንም አስቀድሞ መቅጠር ይቻላል፣ መናገር የፈለገ እጁን ያነሳል፣ ያልገባ ሰው በኋላ እንዲሰማው መቅዳትም ይቻላል። የሰዓት ገደብ የለውም። ብዙው ሰው ቴሌግራም ስልኩ ላይ ስላለ «ይህን አውርዱ፣ እዚህ ተመዝገቡ» የሚል ጣጣም የለበትም።

ዋትስአፕም ይሠራል፣ በግሩፕ ጥሪ እስከ 32 ሰው ይይዛል። በሁለቱ መካከል ልብ ልትሉት የሚገባ ልዩነት አለ። የዋትስአፕ ግሩፕ መልእክት ከላኪውና ከተቀባዮቹ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ ይመሰጠራል፤ የቴሌግራም ግሩፕ በዚህ ደረጃ አይመሰጠርም። በሌላ በኩል ቴሌግራም ሁሉን ነገር በራሱ ሰርቨር ስለሚያስቀምጥ ስልኩ የጠፋበት ሰው በዚያው ቁጥር አዲስ ስልክ ላይ ሲገባ የቆየውን ሁሉ ያገኘዋል። በጦርነቱ ጊዜ ስልካቸውን ላጡ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ለንባብ ቴሌግራምን እወስዳለሁ፣ ነገር ግን ከአንድ ጥብቅ ደንብ ጋር፦ ማን የት እንዳለ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ ማን ወደ የት እንደሄደ ግሩፑ ላይ አይጻፍም። እሱ በግል ስልክ ነው። የግሩፑ ሊንክም አደባባይ ላይ አይለጠፍም።

የቀጥታ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ይንጫጫል። «ሃሎ... ይሰማል? ... እሰይ፣ እንዴት አመሻችሁ? ... እናንተ ዘንድ መብራት አለ? ... ልጆቹስ?» ሰላምታው ብቻውን ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ይፍጅ። ውይይት መሪው «ወደ ቁም ነገሩ እንግባ» ብሎ ቶሎ ባይቸኩል ደስ ይለኛል፣ ሰዉ ሳምንቱን ሙሉ የናፈቀው ቁም ነገር እሱ ነውና። ከሰላምታው በኋላ ግን መሪው ስም እየጠራ ሁሉንም ያዳርስ። በስልክ ዝምተኛ ሰው ጨርሶ ይጠፋል። አዳራሽ ውስጥ ፊቱን አይታችሁ «አንተስ ምን ትላለህ?» ትሉት ነበር፣ እዚህ የሚታይ ፊት የለም።

መሪነቱ ደግሞ እንደ ዕቁብ ዕጣ ይዙር። አንድ ሰው ላይ ከተከመረ ያ ሰው ሲጨነቅ ወይም ሲታመም ክበቡ አብሮት ይወድቃል።

ድምፅ ቀርጾ መላክ

ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ፣ መብራት በፈረቃ ሲሆን፣ አባላቱ አንዱ ሌሊት ጠባቂ ሌላው ቀን ሠራተኛ ሲሆን ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው። ሁሉም በተመቸው ሰዓት ቀርጾ ይልካል፣ ሌላው ኔትወርክ ያገኘ ዕለት ያወርደዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳታው ከፈጠነ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቻርጅ ያነሰበት ሰው በፍጥነት አጫውቶ ሊሰማውም ይችላል።

ይህን ዘዴ የምወድበት ሌላ ምክንያትም አለ። ሰው ብቻውን ሆኖ ሲቀርጽ ስብሰባ ላይ የማይናገረውን ይናገራል። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የሚልኩትን ድምፅ አስቡት። «ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ብለው ይጀምራሉ፣ ከጀርባ ሙቀጫ ይሰማል፣ ገጹን ሲፈልጉ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ በልብወለዱ ውስጥ ስላለው አባት ሊናገሩ ጀምረው ስለ ራሳቸው አባት ይናገራሉ፣ መሃል ላይ አዛን ሲሰማ ዝም ብለው ያስጨርሱና «ምን ላይ ነበርኩ?» ብለው ይቀጥላሉ። የትኛውም አዳራሽ ውስጥ ቢሆን ይህን ያህል አይናገሩም ነበር።

ጉድለቱ መከማቸቱ ነው። ስልኩን ሦስት ቀን ያልከፈተ ሰው ሲመለስ ያልተሰማ የድምፅ ክምር ይጠብቀዋል፣ ያን ሲያይ ስልኩን መልሶ ያስቀምጣል። መድኃኒቱ ሥርዓት ነው። ሰኞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይለጠፍ። እስከ ሐሙስ መልስ ይላክ። ድምፁ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፣ መጀመሪያው ላይ ምዕራፉና ገጹ ይነገር። ዓርብ ላይ የሳምንቱ ተረኛ የተባለውን በአምስት ስድስት መስመር ጽሑፍ ያስቀምጥ፤ ጊዜ ያጣ ሰው እሱን ብቻ አንብቦ ከሚቀጥለው ሳምንት ጋር ይደርሳል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጆሮው ለማይሰማ አባልም፣ ቢሮ ተቀምጦ ድምፅ መክፈት ለማይችልም ይጠቅማል። ከሁሉ በላይ ክበቡን የሚያቆየው ይህች ጽሑፍ ነች ብል አላጋነንኩም።

ዳታ ጨርሶ ሲጠፋ

ያኔ ተራ ስልክና አጭር የጽሑፍ መልእክት ይቀራሉ። ሰው «በቃ አሁን ቆመ» የሚለው እዚህ ላይ ነው፣ መቆም ግን የለበትም።

ብዙዎቹ ስልኮች ላይ አንድ ሰው ደውሎ፣ ያን መስመር አቆይቶ፣ ሌላ ሰው ጨምሮ ማገናኘት ይቻላል። መስመሩ ከፈቀደ በአብዛኛው እስከ አምስት ሰው ይገናኛል። ሂሳቡ የሚቆጠረው በደዋዩ ላይ ስለሆነ ካርዱ በጋራ ይሞላለት። አሥራ ሁለት አባላት ካላችሁ በሦስት ተከፈሉ፣ እያንዳንዱ ቡድን ሐይቅ ካለ ከሐይቅ፣ ኮምቦልቻ ካለ ከኮምቦልቻ ጎረቤቱ ጋር ይሁን። መንገድ ሲላላ በአካልም ሊገናኙ ይችላሉ። የየቡድኑ አንድ ሰው ደግሞ ከሌላው ቡድን ሰው ጋር ይደዋወልና ወሬውን ያመላልስ።

ይህ እንኳ ካልተቻለ መልእክት አለ። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በ67 በ67 ፊደል እየተከፈለ እንደ ሁለት እንደ ሦስት መልእክት ይቆጠራል። ሰባው ግን ጥቂት እንዳይመስላችሁ። ይህን እዩ፦ «ምዕ. 4፦ እናትየዋ ለምን ዝም አለች? እስከ ሐሙስ መልሱ።» ክፍት ቦታው ሁሉ ተቆጥሮ ከ40 በታች ነው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ምዕራፍ፣ አንድ ቀን። መልሱም በዚያው ልክ ይምጣ። የእያንዳንዱ አባል ስልክ ቁጥር ግን አሁኑኑ፣ ዳታው ሳይጠፋ፣ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ቴሌግራም ላይ በቅጽል ስም ብቻ የምታውቁት ሰው ዳታ የጠፋ ዕለት አብሮ ይጠፋል።

መጽሐፉን ከየት እናምጣው?

እዚህ ላይ ብዙ ክበብ ሳይነጋገርበት ያልፋል። አንዱ ገዝቶ፣ ስካን አድርጎ፣ ፒዲኤፉን ግሩፑ ላይ ይለጥፋል። እንዲህ አታድርጉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት እያለም ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሕጉን ተዉትና በአማርኛ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ምን ያህል እንደሚያገኝ የምታውቁት ነው። አንባቢ ነን የምንል ሰዎች ያቺን ካሳጣነው ማን ይጽፍልናል?

መንገዱ ክፍት ከሆነ ወረቀቱ ይሻላል። ለሦስት አባል አንድ ቅጂ ይበቃል፣ በሚኒባስ ረዳት ወይም በሚያውቁት ሾፌር ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ ይላካል፤ ያነበበው ሰው ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የጻፈው አስተያየት ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ሌላ ንባብ ነው። መንገዱ ከተዘጋ መጽሐፉ ያለው ሰው በቀጥታ ጥሪው ላይ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ይስማ። ይህ እንደ ሁለተኛ ደረጃ ንባብ መታየት የለበትም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ጆሮውን ደቅኖ ያደገ ትውልድ አለ። እዚህ ወሎ ደግሞ መንዙማው አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ ነው ስንት ዘመን የኖረው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርትና የመጻሕፍት ቦታ ነበር፤ በዚያ ዘመን መጽሐፍ በእጅ የሚጻፍ ብርቅ ዕቃ ስለሆነ አንድ ሰው አንብቦ ብዙ ሰው ይሰማ ነበር። እናንተም በየቤታችሁ ሆናችሁ አንድ አንባቢ ብትሰሙ ከአገሩ ልማድ አልወጣችሁም። ንባቡን ቀድቶ አደባባይ ቻናል ላይ መልቀቅ ግን እንደ ስካኑ ነው፣ ይቅር።

አጭር ልብወለድ ወይስ ረጅም?

ጭንቀት መጀመሪያ የሚወስደው ትኩረትን ነው። ዓይን ፊደሉን ይከተላል፣ ልብ ግን የለም፤ ገጹን ጨርሳችሁ ምን እንዳነበባችሁ አታውቁትም። በዚህ ጊዜ 400 ገጽ አንብቡ ማለት ሰውን በእጅ መግፋት ነው። የመጀመሪያውን ወር በአጫጭር ልብወለድና በግጥም ያዙት፣ በሳምንት አንድ፣ በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ። ሰዉ ሲለምድ ረጅሙ ይምጣ፣ በሳምንት ከ20 እስከ 30 ገጽ ብቻ። ረጅም ልብወለድ የራሱ ጥቅም አለው፦ ባለታሪኮቹ ቤተሰብ ይሆናሉ፣ ማታ ማታ የምትመለሱበት ቤት ታገኛላችሁ።

ስለ ጦርነትና ስለ ሞት የሚተርክ መጽሐፍ ይነበብ አይነበብ በሚለው ላይ ሰው ይከራከራል። እኔ በመሃሉ እያለን አይነበብ ባይ ነኝ። ቁስሉ ሲደርቅ ይደረስበታል። ለማንኛውም ምርጫው በድምፅ ብልጫ አይሁን፤ አንድ አባል «ይህን አልችልም» ካለ ምክንያቱን ሳትጠይቁ ሌላ አምጡ።

«አላነበብኩም» ያለ ሰውም ይግባ። ይስማ። ይህን ደንብ መጀመሪያ ቀን ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፣ ምክንያቱም ያላነበበ ሰው አፍሮ ነው የሚቀረው፣ አንዴ ከቀረ ደግሞ እየራቀ ይሄዳል።

ቀኑና ሰዓቱ

በወር አንድ ረጅም ስብሰባ ወይስ በየሳምንቱ አጭር? ያለ ጥርጥር በየሳምንቱ አጭር። በወር አንዴ ሲሆን አንድ ቀን መብራት ከጠፋባችሁ ሁለት ወር ሆነ ማለት ነው። 40 ወይም 50 ደቂቃ ይበቃል።

የእኛ አገር ክበብ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ስለሆነ ሰዓቱ ተመካክሮ ይወሰን። ከኢሻ ሰላት በኋላ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ለብዙው ይመቻል። ረመዳን ሲገባ ግን ተራዊሕ ስላለ ወደ ቀን ይዙር። ዓርብ ቀትር ለጁምዓ፣ እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ይተው። በዓል ሲሆን ስብሰባው ለሁሉም ይዘጋ፣ ለአንዱ ወገን ብቻ አይደለም።

ወሬና ሐዘን

የዕለቱ ዜና ወደ ግሩፑ መግባቱ አይቀርም። አንዱ ያልተረጋገጠ ነገር ይለጥፋል፣ ሌላው ይደነግጣል፣ መጽሐፉ ይረሳል። ዜና ለመለዋወጥ የሚፈልግ ሌላ ግሩፕ ይክፈት። ይህኛው ይጠበቅ፣ ሰው ሳይሳቀቅ የሚከፍተው አንድ ግሩፕ ይኑረው።

ሐዘን ግን ሌላ ነው። አንድ አባል ሰው ከሞተበት ያን ሳምንት ንባቡ ይቁም። ለቅሶ መድረስ ካልተቻለ አንድ በአንድ ይደወልለት፣ በጽሑፍ ብቻ «ነፍስ ይማር» ወይም «አላህ ይዘንለት» ብሎ ማለፍ ለእኛ አገር ሰው አይበቃም። ሦስት ሳምንት ዝም ያለ አባል ካለም አንድ ሰው ይደውልለት፣ ስለ መጽሐፉ አይደለም፣ ደህንነቱን ለመጠየቅ ብቻ። ክበቡ ውስጥ ይህን የሚከታተል አንድ ልበ ሰፊ ሰው ምረጡ። በዕድሜ ከፍ ያሉት ይህን ሥራ ያውቁበታል።

መንገዱ ሲከፈት

ወዲያው ግሩፑን ዘግታችሁ ወደ አዳራሹ አትሩጡ። በተራራቀው ጊዜ የገቡ አባላት አሉ። ከሚሴ ያለው፣ ላሊበላ ያለችው፣ አራስ የሆነችው፣ አዲስ አበባ ለሥራ የሄደው። እነሱ ደሴ ድረስ ለአንድ ሰዓት ውይይት አይመጡም። ሁለት አማራጭ አላችሁ፦ አንዱን ሳምንት በአካል ሌላውን በስልክ ማድረግ፣ ወይም በአካል እየተገናኙ የራቁትን በስልክ ማስገባት። ሁለተኛው ደስ ይላል፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠረጴዛ ዙሪያ ያለው ሰው እርስ በርሱ ሲሳሳቅ ስልክ ላይ ያለው ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጥ፣ አንድ ሰው ብቻ በየተራ ይናገር፣ ጥያቄው በወጣ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚመልሱት በስልክ ያሉት ይሁኑ።